«ጊዜ የለኝም» ስለ ማለት

ከሰው አፍ ከሚወጡት ቃላት መካከል «ጊዜ የለኝም» እንደሚለው ያለ፥ ለመናገር የቀለለ ለመመርመር ግን የከበደ ብዙ አይገኝም። ገንዘብ የለኝም የሚል ሰው ኪሱ ሊፈተሽ ይችላል፤ ዕውቀት የለኝም የሚልም ሰው ተጠይቆ ልኩ ይታወቃል። ጊዜ የለኝም የሚለውን ሰው ግን ማን ይፈትሸዋል? ቀኑን በምን እንዳዋለው ከራሱ በቀር በትክክል የሚያውቅ የለምና ሁሉም አምኖት ያልፋል። ስለዚህ ይህ ቃል ላልተነበበው መጽሐፍ፥ ላልተተከለው ችግኝ፥ ላልተጀመረው ትምህርት ሁሉ የሚበቃ መልስ ሁኖ ይኖራል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህ ቃል በ2012 ዓ.ም. ባልታሰበ አኳኋን ለፍርድ ቀረበ። በዚያ ዓመት መጋቢት 2 ቀን የዓለም የጤና ድርጅት ኮሮና የተባለው በሽታ ዓለምን ያዳረሰ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። ኢጣልያ ከዚያው አንድ ቀን ቀደም ብላ ሕዝቧ በሙሉ ያለ በቂ ምክንያት ከቤቱ እንዳይወጣ ከልክላ ነበር፤ መጋቢት 14 ቀን እንግሊዝ፥ መጋቢት 16 ቀን ደግሞ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ሕንድ ተከተሏት። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ሲሆን፥ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ በወሩ መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በእኛ ዘንድ ሰውን ሁሉ በየቤቱ የሚዘጋ ትእዛዝ ባይወጣም፥ ተማሪው ከትምህርት ቤት፥ ብዙው የቢሮ ሠራተኛም ከቢሮው ቀርቶ በቤቱ ዋለ።

እነሆ፥ ስንት ዘመን «ጊዜ ባገኝ ኖሮ» ሲል ለኖረው ሰው ጊዜ ሳይጠራ መጣለት። ያመጣው ክፉ እንግዳ መሆኑ፥ ከኋላውም ሞት መቆሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን የቀድሞው ሰበብ ተወሰደ። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ከመደበኛ ሥራችን ውጭ የምንወደውን ሙያ እንዳንይዝ የሚከለክለን በእርግጥ የጊዜ ማጣት ነውን? ወይስ ስሙን መጥራት የምናፍርበት ሌላ ነገር አለ?

በመጀመሪያ ሰዎች በተዘጉበት ወራት የሠሩትን እንመልከት። በእንግሊዝ አገር ዱቄት ከየሱቁ መደርደሪያ ጠፋ። ነገሩ ሲመረመር ግን በወፍጮ ቤቶቹ ዱቄት አልጎደለም ነበር፤ የጎደለው በትንንሽ ከረጢት የታሸገው ነው። በዚያ አገር አብዛኛው ዱቄት በጅምላ ወደ ዳቦ ጋጋሪዎችና ወደ ፋብሪካዎች የሚሄድ ሲሆን፥ ለቤት የሚሸጠው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሊጥ ማቡካት ሲጀምር ማሸጊያው ሊደርስለት አልቻለም። በሱቅ የሚሸጠውም እርሾ በጠፋ ጊዜ ብዙ ሰዎች ዱቄትና ውኃ ደባልቀው፥ በየቀኑ ጥቂት ዱቄት እየጨመሩ፥ ራሱን ችሎ እስኪኮመጥጥና እስኪነሣ ድረስ ቀናት መጠበቅን ተማሩ። ይህ ለእናቶቻችን አዲስ ጥበብ አይደለም፤ የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሲነሣ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለከተማው የአውሮፓ ሰው ግን፥ በገንዘብ ይገዛው የነበረውን ነገር በገዛ እጁ ሲሠራና ሳይነሣለት ሲቀር ማየት አዲስ ትምህርት ነበረ።

በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ ያለው የጌቲ ሙዚየም ደግሞ፥ ሰዎች በቤታቸው ባገኙት ዕቃ የታወቁ ሥዕሎችን አስመስለው ፎቶግራፍ እንዲነሡ ጋበዘ። ብዙ ሺህ ሰዎችም አንሶላውን ካባ፥ የወጥ ቤቱን ዕቃ ጌጥ አድርገው በሥዕሉ ውስጥ እንዳለው ሰው ቆሙ። ሌላው አትክልት ተከለ፤ ሌላው ሹራብ መሥራት ጀመረ፤ መኪና ጸጥ ባለበት ከተማ የወፎችን ድምፅ እየለየ ስማቸውን ያጠናም ነበረ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ስሙ የተሰማው ግን ቶም ሙር የተባለ እንግሊዛዊ የጦር ጡረተኛ ነው። ይህ ሽማግሌ የ99 ዓመት ሰው ሲሆን ያለ መደገፊያ አይራመድም ነበር። መቶኛ ዓመቱ ሳይሞላ 25 ሜትር ርዝመት ባለው በቤቱ አትክልት ቦታ መቶ ጊዜ ለመመላለስ ወሰነ፤ በዚህም ለአገሩ የጤና አገልግሎት ሠራተኞችና ለሕሙማን መርጃ 1 ሺህ ፓውንድ ለመሰብሰብ አሰበ። ልደቱ በዋለበት በሚያዝያ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የተሰበሰበው ገንዘብ ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሁኖ ነበር። እርሱም በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር ሞተ። የገንዘቡ ብዛት የሚያስደንቅ ቢሆንም፥ እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላው ነገር ነው፤ ይኸውም ሰውየው የመረጠው ሥራ ትንሽ መሆኑ፥ በእግሩም መዘግየት አለማፈሩ ነው።

እንግዲህ በእነዚህ ሥራዎች ላይ ሁለት ዓይነት ፈራጆች ተነሡ። አንደኞቹ «ይህ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው» አሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጨካኞች ሁነው፥ «ኒውተን በወረርሽኝ ዘመን በቤቱ ተዘግቶ የዓለምን ሕግ አገኘ፤ አንተስ ምን ሠራህ?» እያሉ ሰውን ይወቅሱ ጀመር።

የኒውተን ታሪክ እውነት ስለሆነ በሚገባ እንመርምረው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1665 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የቸነፈር በሽታ በገባ ጊዜ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋ፤ የ22 ዓመቱ ወጣት አይዛክ ኒውተንም ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ዉልስቶርፕ ሄደ። በመካከሉ ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ ከመሄዱ በቀር እስከ 1667 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ቆየ። ስለ ሒሳብ፥ ስለ ብርሃን፥ ስለ ምድር ስበትም ያሰባቸው ታላላቅ ሐሳቦች መሠረታቸው የተጣለው በእነዚህ ዓመታት ነው። ነገር ግን ወቃሾቹ ሁለት ነገር ይረሳሉ። በመጀመሪያ፥ ኒውተን ወደ መንደሩ የሄደው ባዶ እጁን አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ጊዜያት የዘመኑን የሒሳብ መጻሕፍት አጥብቆ ያጠና ሰው ነበር። በሁለተኛ ደረጃ፥ ስለ ስበት የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ የታተመው በ1687 ዓ.ም. ነው። ከዩኒቨርሲቲው ዳግመኛ መከፈት እስከዚያ ድረስ 20 ዓመት ነው። ዘሩ በተዘጋው በር ውስጥ ቢዘራም፥ አዝመራው የተሰበሰበው በሩ ከተከፈተ ከረጅም ዘመን በኋላ ነው። ቸነፈሩ ሲያልፍ ኒውተን «እንግዲህ ጊዜ የለኝም» ብሎ ሐሳቡን ቢተወው ኖሮ ዛሬ በምሳሌነት ስሙን የሚጠራ ባልኖረም ነበር። ስለዚህ ከኒውተን የምንማረው በተዘጋን ጊዜ ተአምር መሥራትን አይደለም፤ በሩ በተከፈተ ማግሥት የጀመሩትን አለመጣልን ነው።

ደግሞም ፍርዳችን ቅን እንዲሆን አንድ ነገር መዘንጋት አይገባንም። በዚያ ወራት ጊዜ ያገኘው ሰው ሁሉ አይደለም። ሐኪሟና ነርሷ ከቀድሞው እጥፍ ደከሙ። እህል የሚያጓጉዘው ሾፌር፥ ከተማ የሚያጸዳው ሠራተኛ፥ ሱቅ የሚጠብቀው ልጅ ቤቱ አልዋለም። ዕለት ሠርቶ ዕለት የሚበላው ሰው ቤቱ ቢውል የሚበላው የለውም። የትንንሽ ልጆች እናትም ቤቷ ትምህርት ቤት፥ ወጥ ቤትና ሐኪም ቤት ሁኖባት ነበር። የሚወደውን ሰው ቀብሮ፥ እንደ ወጉ ለቅሶ እንኳ ሳይደርሰው በኀዘን የተቀመጠም ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ምን ተማርህ? ምን ሠራህ?» ብሎ መጠየቅ ድንቁርና ነው፤ ያን ጊዜ በሕይወት መቆየትና ሌላውን ማቆየት ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነበረና። ዳቦ መጋገር የተማረውም ሰው፥ ያን ጊዜ ያገኘው ሌላው ስለ እርሱ ስለ ደከመ መሆኑን ማሰብ ይገባዋል። ያ የዕረፍት ጊዜ የዕዳ ጊዜ ነበር።

እንግዲህ ወቀሳው ለእነዚህ አይደለም። ጥያቄው ጊዜ ኖሯቸው ለነበሩት፥ ይልቁንም ጀምረው ላቆሙት ነው፤ ከእነዚህም አንዱ እኔ ነኝና ታሪኬን ሳልሸሽግ እነግርሃለሁ።

ከአባቴ የወረስሁት በገና በግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ሃያ ዓመት ያህል ኖሯል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይደረድራሉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፥ «ጊዜ አጣሁ እንጂ ልቤስ ይወደው ነበር» እል ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቴ ከቤት ሁናችሁ ሥሩ ባለን ጊዜ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበረ፤ በገናም በተለይ በጾሙ የሚሰማ መሣሪያ ነውና አንድ ማታ አውርጄ አቧራውን ጠረግሁለት። ከዐሥሩ አውታሮች ሁለቱ ተበጥሰው ስለ ነበር በስምንቱ ጀመርሁ። አውታሮቹን መቃኘት ብቻ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ጣቴ ተላጠ፤ ድምፁም ዜማ ሳይሆን የወፍጮ ጩኸት ይመስል ነበር። ግን ማን ይሰማኛል? እንግዳ አይመጣም፤ ጎረቤትም ደጁን ዘግቷል። ስለዚህ ያለ ኀፍረት ተሳሳትሁ፤ በየማታውም ተሳሳትሁ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ሦስት ወር ሲሞላኝ አንዲት አጭር ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመደርደር ቻልሁ። በዕድሜዬ እንደዚያች ማታ የተደሰትሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በዚያው ግቢ የሚኖር የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርት ቤቱ ስለ ተዘጋ ማታ ማታ ከደጄ ራቅ ብሎ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያዳምጠኝ ነበር። ባየሁትም ጊዜ አላፈርሁም፤ ልጅ ነዋ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እየረገበ ሄደ፤ ቢሮ ተከፈተ፤ ሰውም መጠያየቅ ጀመረ። አንድ ማታ የቆየ ወዳጄ ሳይታሰብ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማኝ ቆየና፥ እየሳቀ «ቤትህ ንብ ገብቶበታል እንዴ?» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቡና ጠጥተን ተጫውተን ተለያየን። በማግሥቱ ማታ ግን በገናውን አላወረድሁትም፤ በሦስተኛውም ቀን አላወረድሁትም።

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ያ ልጅ ቦርሳውን እንዳዘለ በደጄ ሲያልፍ ቆም ብሎ፥

«ጋሼ፥ በገናውን ምነው ተዉት?» አለኝ።

«ምን ጊዜ አለኝ ልጄ? ቢሮ ገባን እኮ» አልሁት።

ልጁም ጥቂት አሰብ አድርጎ፥ «ያኔስ የሚደረድሩት ማታ ማታ አልነበረም?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቀኑን ቢሮ ብወስድብኝም ማታው እንደ ነበረ ነው። የወሰደብኝ ቢሮው አይደለም፤ የወዳጄ ሳቅ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ጊዜ» ስለው የኖርሁት ነገር እውነተኛ ስሙ ይሉኝታ መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የብዙ ሰው ነገር እንዲህ ይመስለኛል። ዐዋቂ ሰው በሙያው የተከበረ ነው፤ አዲስ ነገር ሊማር ሲነሣ ግን ወዲያው ለማጅ ይሆናል። ለማጅ ደግሞ ይሳሳታል፤ የተሳሳተም ይሳቅበታል። የተከበረ ሰው ከሚሳቅበት ይልቅ ሳያውቀው ቢሞት ይመርጣል። ይህን ግን በግልጥ ሊናገረው አይችልም፤ ስለዚህ ክብሩን ለመጠበቅ «ጊዜ የለኝም» ይላል። ወረርሽኙ ለሰዎች የሰጣቸው ጊዜ ብቻ አልነበረም፤ የሚያያቸውን ዓይንም ከደጃቸው አራቀላቸው። ያልተነሣውን ዳቦ የሚያይ፥ የተንሻፈፈውን ሹራብ የሚታዘብ ሰው አልነበረም። ቢታይም የሁሉም ዳቦ አልተነሣምና ሳቁ የጋራ ነበር። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በዚያ ወራት የደፈረው፤ ለዚህም ነው በሩ ሲከፈት ብዙው የተወው።

አንዳንድ ሰው ግን «የተውሁት ሁሉ ጥፋት ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይደለም። ዳቦ ጋግሮ አይቶ፥ «ይህ ለእኔ አይሆንም፤ ከጋጋሪው ብገዛ ይሻለኛል» ያለ ሰው ምንም አልጠፋበትም፤ እንዲያውም ሌሊት ተነሥቶ የሚጋግርለትን ሰው ድካም ዐወቀ። ሞክሮ መተው ዕውቀት ነው። ነውሩ እየወደዱ መተው፥ ከተዉም በኋላ በሐሰት ምክንያት መሸፈን ነው። ምክንያቱም ለሌላው የምንሰጠውን ሰበብ ደጋግመን ስንናገረው ራሳችን እናምነዋለን፤ ካመነውም በኋላ መድኀኒቱን ከማይገኝበት ቦታ እንፈልጋለን። በሽታው ይሉኝታ ሆኖ ሳለ መድኀኒቱን ከሰዓት ላይ የሚፈልግ ሰው፥ ጡረታ እስኪወጣ ቢጠብቅም አይድንም።

«በገና ባይደረደር፥ አትክልት ባይተከል ማን ይጎዳል?» የሚልም አለ። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ሥራ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» እንለዋለን። ቃሉ ራሱ ጊዜን እንደ ጅረት ውኃ ዝም ብሎ እንዲያልፍ የሚፈለግ ያስመስለዋል። ለእኔ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። በዚያ ዓመት በቢሮ ሥራ ያለፉት ቀኖች በአሳቤ ውስጥ አንዱ ከሌላው አይለዩኝም፤ ያችን አጭር ዜማ የጨረስሁባት ማታ ግን አሁንም በፊቴ አለች። ጊዜዬን ያሳለፈው የቢሮው ሥራ ነው፤ ያቆየልኝ በገናው ነው። በተጨማሪም ሥራ ለደመወዝ፥ ትምህርት ለፈተና፥ ስጦታ ለምስጋና የሚደረግ ሲሆን፥ ሰው ማንም ሳይከፍለውና ሳያየው የሚሠራው ነገር እርሱ ራሱ ማን እንደሆነ ይነግረዋል። ይህን ሳያውቅ የሚያረጅ ሰው የተጎዳ ሰው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እመክርሃለሁ። በመጀመሪያ፥ «ጊዜ የለኝም» ከማለትህ በፊት ራስህን እንደ ዳኛ ጠይቅ። ጊዜ በእርግጥ ከሌለህ፥ እናትህን ስለምትረዳ ወይም እንጀራህን ስለምታበስል ከሆነ፥ ቃልህ እውነት ነውና አትፈር። ካልፈለግህ «አልፈልግም» በል። የምትፈራ ከሆነ ግን፥ ቢያንስ ለራስህ «እፈራለሁ» በል፤ ስሙ የታወቀ ጠላት ግማሹ የተሸነፈ ነው። ሁለተኛ፥ የጀመርኸውን ነገር በትንሹ ያዝ፤ ያ ሽማግሌ ያሰበው 25 ሜትር መሆኑን አትርሳ። ሦስተኛ፥ ሌላው ለማጅ ሲሳሳት ስታይ አትሳቅበት። ወዳጄ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለጨዋታ የተናገራት አንዲት ቃል ግን የሦስት ወር ትጋት ዘጋች። አንተም ሳታውቀው የስንቱን በር ዘግተህ ይሆናል።

ልጁ ከጠየቀኝ በኋላ በገናውን ለማውረድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ያች ዜማ ከጣቴ ጠፍታ ስለ ነበር እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣሁ። ወዳጄም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ንቦቹ ደኅና ናቸው ወይ ብሎም ይጠይቀኛል። እኔም «ደኅና ናቸው፤ ማሩ ግን ገና ነው» ብዬ እቀጥላለሁ።